የምርቃት ምርመራ

የመርካቶ ሰው ምርቃት ሳይጨመርለት ከሱቅ አይወጣም። እኔም ሚሌኒየሙ ሰሞን ስኳሬን ልለካ አንድ ላቦራቶሪ ገባሁና ከፍዬ ስጨርስ፣ "ምርቃቱስ?" አልኩት ባለሙያውን።

እየሳቀ፣ "የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራ ልመርቅልዎት?" አለኝ።

ምንም ሳያመኝ "መርቅ!" አልኩ። ነጻ ነዋ!

የካንሰሩ ውጤት ከፍ ብሎ መጣ። በማግስቱ ሽንኩርት በምሸጥበት አትክልት ተራ ሽንኩርቴን ትቶ እኔን የማያይ ጠፋ፤ ጎረቤቶቼ ከበው አለቀሱልኝ። ባለቤቴ ከድር፣ "ማን ጨምሩልኝ በይ አለሽ?" ብሎ ይቆጣል፤ ተቆጥቶ ደግሞ ያለቅሳል።

ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ።

"ምን አሞዎት ተመረመሩ?" አለች ሐኪሟ።

"ምንም። ምርቃት ነው።"

ሳቋን ዋጥ አደረገች። "ይሄ ምርመራ ምልክት ለሌለው ሰው ከመረጃው ድንጋጤው ይበዛል። ካንሰር ሳይኖርም በብዙ ምክንያት ከፍ ይላል።" ሆዴን በአልትራሳውንድ ማየት ጀመረችና ድንገት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ከድር ግድግዳውን ተደገፈ።

"ምክንያቱ ይኸውና፣ እትዬ። እርጉዝ ነዎት!"

በአርባ ሦስት ዓመቴ! የወር አበባዬ የቀረው በእርጅና መስሎኝ! ከድር ዘሎ አቀፈኝ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ሐኪሟ፣ መሣሪያውን ሆዴ ላይ ወደ ጎን እየገፋች። "ምርቃትም አለው። መንታ ነው።"