ችካሉ የተቃጠለበት ቦታ

ሥራዬን አውቃለሁ፤ ይህን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ከአዲስ አበባ አሶሳ የሚላክልን የጂፒኤስ መቀበያ ሁሉ ሰላሳ ሰባተኛ የካርታ ዞን ተሞልቶበት ነው የሚመጣው። እኛ ሰላሳ ስድስተኛው ውስጥ መሆናችንን የሚያስታውስ የለም። እኔ ግን ያቺን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መቀበያ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ፣ ዞኑን አስተካክዬ፣ ሳተላይቶቹን መርጬ እስክጨርስ ሻዬ አይበርድብኝም።

በዚያ በጋ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለ አንድ መንደር የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ሆነ፤ እኔም ቦታውን እንዳሳይ ተላክሁ። አጥኚዎች ቀደም ብለው መጥተው ውሃ አለ ያሉበት ላይ ችካል ተክለው ነበር። በጋ ላይ ደግሞ አዲስ ሣር እንዲበቅል አሮጌው ይቃጠላል፤ ችካሉም አብሮ ነደደ። የቀረን ወረቀት ላይ የተጻፈው የቦታው መለያ ቁጥር ብቻ ነው። የመቆፈሪያው መኪና በማግስቱ ሌላ ወረዳ ይጠበቃል። ዛሬ ውሃ ካልተገኘ መንደሩ ሌላ ዓመት ወንዝ ሊወርድ ነው።

ቁጥሩን አስገባሁ። መቀበያዬ አንድ የቀርከሃ ቁጥቋጦ አጠገብ አቆመኝ። ሠራተኞቹ መኪናውን ሊያስጠጉ ሲሉ አንዲት ሴት ትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ከወንዝ ደረሰች።

«ወላሂ እዚያ አይደለም» አለች።

ጀሪካኖቿን አስቀምጣ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ራቀችና አንድ የድንጋይ ክምር ላይ ተቀመጠች። ችካሉ ሲቃጠል ቦታው እንዳይጠፋ ድንጋይ የከመረችው ራሷ ነበረች።

ተናደድኩ። ተከትያት ሄጄ «እህቴ፣ ይሄ ዕቃ ከሰማይ ነው የሚያነበው፤ ያንቺን ድንጋይ ማን ለካው?» አልኳት።

«ሰማይ ይለካ። የእኔ እግር በየቀኑ እዚህ ያልፋል» አለች። አልተነሳችም።

እልህ ያዘኝና ልክ መሆኔን ላሳያት ወረቀቱን ዘረጋሁ። ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያኔ ነው ያነበብኩት። ቁጥሩ የተወሰደው ከአሮጌው የአገራችን ካርታ፣ አዲንዳን ከሚባለው የድሮ የልኬት መነሻ ነው። መቀበያዬን የሞላሁት ደግሞ በዓለም አቀፉ። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ይኸው ሁለት መቶ ምናምን ሜትር ነው። በዞኑ ስኩራራ መነሻውን ረስቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

አፈርኩ። መነሻውን ቀይሬ ቁጥሩን እንደገና አስገባሁ። መቀበያዬ ከእግሯ ሥር ደረስክ አለኝ።

«ተሳስቻለሁ እህቴ፤ አሁን ተነሺልኝ» አልኳት። ተነሳች። ድንጋዮቹን አብረን አነሳን።

መኪናው እዚያው ሲቆፍር ውሎ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቱቦው ጭቃ ውሃ ወጣ፤ ቆይቶም እየጠራ ሄደ። ሴትዮዋ ጠዋት ከወንዝ የተሸከመቻቸውን ሁለት ጀሪካኖች አምጥታ ውሃውን አንድም ሳታስቀር መሬት ላይ ደፋችውና ባዶዎቹን ይዛ ቱቦው ሥር ቆመች።