ከመስመሩ በታች ያሉት ቃላት

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ሶልያና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «ዋት ኤ ሰርፕራይዝ» አለችኝ። ምን እንዳስገረማት ብጠይቃት ምንም አልነበረም፤ የቤት ሥራዋ ነው። የእንግሊዝኛ መምህሯ ሰው ሲደነግጥና ሲገረም የሚላቸውን ቃላት በወረቀት አባዝተው ሰጥተዋቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ እየተናገሩ እንዲለማመዱ አዘዋቸዋል። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ከአምስት ዓመት በፊት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ለእኔም የተሰጠኝ ያው ወረቀት ነው። መሃሉ ላይ የተሰመረችው መስመር እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከመስመሩ በላይ ዋው፣ ሪሊ፣ ኖ ዌይ፣ አንቢሊቨብል እያለ የደስታው ግርምት ይወርዳል። ከመስመሩ በታች ክፉ ወሬ ሲሰማ የሚባለው አለ፤ ኦ ኖ፣ ሃው አውፉል፣ አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት።

ያኔም የገረመኝ መስመሯ ነበረች። እኛ ሰፈር ድንጋጤ እንዲህ ያለ ድንበር የለውም። እናቴ ወተት ሲገነፍልባትም፣ ጎረቤት መንታ መውለዷን ስትሰማም «በስመ አብ» ነው የምትለው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ፊቷን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ወረቀቱን ከእኔ አብልጠው የወደዱት እትዬ ብርቄ ነበሩ። እትዬ ብርቄ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ አላቸው። ፈረንጅ ደንበኛ ሲመጣባቸው ከፈገግታ ሌላ የሚሉት እያጡ ይናደዱ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሳቸው ሱቃቸውን ዘግተው ደጃቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እኔ አንድ ቃል እላለሁ፤ እሳቸው እንዝርቱን እያሾሩ ይደግሙታል። በተለይ «ኖ ዌይ» አፋቸው ላይ ገጠመች። «ይቺ ለሱቅ የተሠራች ናት» አሉኝ። በየቀኑ ከወረቀቱ ራስ ጀምረን እስከ ግርጌው ሳንወርድ ተነስተን አናውቅም። መዝለል አይወዱም።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ፊት የሚልጥበት፣ ሰፈሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚልበት ጊዜ ነው። አንድ ማክሰኞ ከአዲሱ ገበያ በእግሬ ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠብቃኝ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። የእትዬ ብርቄ ታላቅ ወንድም አገር ቤት፣ ጨንቻ፣ አርፈዋል። እትዬ ብርቄ እኚህን ሰው «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። አባታቸው በልጅነታቸው ሲሞቱ ያሳደጓቸው፣ ሽመና ሠርተው ሱቋን የከፈቱላቸው እሳቸው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ለእናቴ ደውሎ ነግሯታል፤ የዕድሩ ሽማግሌዎች ተማክረው መርዶው በማግስቱ ማለዳ እንዲነገር ወስነዋል።

የመርዶን ነገር ያኔ በደንብ አላውቀውም ነበር። ሰው እራቱን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፈው ባለበት ነው የሚረዳው። በባዶ ሆዱ፣ ብቻውን፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሰማ ሰው ጎረቤቶቹ እንዳዋረዱት ይቆጠራል።

«ዛሬ እንዳትሰማ» አለችኝ እናቴ። «የሚያስፈራን ስልኳ ነው። አንዱ ዘመድ ሳያስብ ይደውላል። ለቤት ሥራ ብለሽ ስልኳን ተቀበያትና እስከ እራት እንዳትመልሺላት። ፊትሽን ደግሞ አስተካክይ።»

«ምኑን ነው የማስተካክለው?»

«ይኸው እሱን።»

እውነቱን ለመናገር አላዘንኩም ነበር፤ በቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውየውን አይቻቸው አላውቅም። ትልልቆቹ ምስጢራቸው ውስጥ ሲያስገቡኝ ደግሞ የመጀመሪያዬ ነው። መስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን ሁለቴ አስተካክዬ ወጣሁ።

እትዬ ብርቄ እንደወትሯቸው ዱካቸው ላይ ነበሩ። ስልኩን መዝገበ ቃላት ላይበት ብዬ ስጠይቃቸው ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ጀመርን።

«ዋው።»

«ዋው» አሉ እንዝርቱን እያሾሩ።

«አንቢሊቨብል።»

«ይቺ ረጅሟ ናት። አንቢሊቨብል።»

እንዲህ ስንል ስልኩ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የስልኩ መስታወት ላይ «ጋሼ» የሚል ጽሑፍ በራ። የደወለው ከለቀስተኛው አንዱ፣ በሟቹ ስልክ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ሰውየው ራሳቸው የደወሉ ነው የመሰለኝ። ድምፁን ለማጥፋት ዘገየሁ።

«ማነው?» አሉኝ።

«የዕጣ ማስታወቂያ ነው።»

«ደረሰኝ?»

«አልደረሰዎትም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ቶሎ አላቆም አለኝ። መሃል ላይ እናቴ ሥጋ ወጥ በሳህን ከድና አመጣች። ትንሽ ቆይቶ ከላይ በኩል ያሉት የዕድሩ ጸሐፊ ሚስት ሌላ ሥጋ ወጥ ይዘው መጡ። ሁለቱም «እንዲሁ ትዝ ብለሽኝ ነው» አሉ። እትዬ ብርቄ ሁለቱን ሳህን ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩአቸው። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለስን። መስመሯ ጋ ስደርስ አጠፍኩት።

«ከመስመሩ በታች ያለውስ?»

«እሱ ነገ ነው።»

እንዝርቱ ቆመ። ሲወርድ ክሩን ይዘው ጭናቸው ላይ አስተኙት። ትንሽ ጊዜ አዩኝ፤ ፊቴን፣ ያንን ሁለቴ ያስተካከልኩትን። «እሺ» አሉ። «ነገ ይሁን። እስቲ የላዩን አንዴ ድገሚልኝ።» ደገምኩላቸው። እሳቸውም ሁሉንም አንድ በአንድ ተከተሉኝ፤ ዋው አሉ፣ ሪሊ አሉ፣ አንቢሊቨብል አሉ። ከዚያ እናቴን አስጠርተው ከእሷ ጋር እራታቸውን በሉ። ከሁለቱም ሳህን።

በማግስቱ ማለዳ እንድወጣ አልተፈቀደልኝም። በግድግዳው ውስጥ ግን ሁሉም ይሰማል። መጀመሪያ የሽማግሌዎቹ ኮቴ፣ ቀጥሎ «እንዴት አደርሽ ብርቄ»፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለ የሽማግሌ ንግግር። ከዚያ «የኔን ጋሼ?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከእሱ በኋላ ጩኸቱ። ጎረቤቱ ሁሉ ደግፎ ያዛቸው። እናቴ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ «ምንም ሳትጠረጥር በልታ ተኝታ ነው የሰማችው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እኔን ደግሞ ጎበዝ አለችኝ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ቁመት የጨመርኩ መስሎኝ ነው የዋልኩት።

እትዬ ብርቄ ጨንቻ ደርሰው ሲመለሱ ኅዳር ተጋምሷል። ጥቁር ለብሰው ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ ያ የታጠፈው ወረቀቴ አለ። ረስቼው ኖሯል።

«ነይ» አሉኝ። «የቀረብንን እንጨርስ።»

ተቀመጥኩ።

«ያን ለት ሥጋ ወጡ ሁለት ሲሆን ጠረጠርኩ» አሉኝ ጥጡን እያፍታቱ። «ማክሰኞ ቀን ማን ትዝ ይለዋል ሰው? ጋሼ እንደታመመ አውቃለሁ። አንቺ ስትዘይ ግን ቆረጥኩ። አንድም ቀን ዘለሽ አታውቂማ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ሕፃን ልጅ መርዶ ልትነግረኝ?» አሉ። «ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ ሲለፋ ውሎ፣ እራቴን አብስሎ። አውቄዋለሁ ብዬ ባፈርስባቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አደራ ነው። በላሁላቸው። ተኛሁላቸውም፤ ማለቴ ጋደም አልኩላቸው።»

ለእናቴ እንዳልነግር አላስማሉኝም። እኔ ግን እስካሁን አልነገርኳትም፤ ይህን ስታነብ ትሰማለች።

ወረቀቱን ዘረጋሁና ከመስመሩ በታች ያሉትን አንድ በአንድ አልኩላቸው። አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት ጋ ስንደርስ ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«መልካም ነው» አሉ። «ይሄ ግን ለቅሶ ሊቀመጥ ለመጣው ሰው ነው። ለሐዘኑ ባለቤት የትኛው ነው?»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። ጀርባውንም አየሁ።

«ለባለቤቱ አልተጻፈም» አልኳቸው።

«እኛም ጋ የለም» አሉና እንዝርቱን አሾሩት።

እስከዛሬ ሽሮ ሜዳ በሱቃቸው በኩል ሳልፍ፣ ዋጋ ለሚያወርድባቸው ፈረንጅ «ኖ ዌይ» ሲሉ እሰማቸዋለሁ። ከታች ያሉትን ሲጠቀሙባቸው ግን ሰምቼ አላውቅም፤ የረሷቸው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለሶልያና ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ወረቀቷን መልሼ ሰጠኋትና ብቻዋን ከምትጮህ እትዬ ብርቄ ጋ ሄዳ እንድትለማመድ ላክኋት። ብዙም ሳትቆይ እያኮረፈች ተመለሰች።

«ከታች ካልጀመርሽ አላስጠናሽም አሉኝ።»

«ለምን?»

«የላዩን ማንም ሳይማር ይለዋል አሉ።»

እርሳስ ፈልጋ ተመልሳ ሄደች። እኔ ደብተሬን ይዤ ግድግዳው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከወዲያ ማዶ ሁለት ድምፅ ይሰማል፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጎርነን ያለ፤ ከመስመሩ በታች ያሉትን ቃላት ቀስ ብለው፣ ምንም ሳይዘሉ ይሏቸዋል። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው። ያን ማክሰኞ ምስጢር የጠበቅሁላቸው እኔ እንደሆንኩ ነበር የማስበው፤ መዝለሌ ምስጢሩን እንዳወጣው ለማንም ሳይነግሩ ሲጠብቁልኝ የኖሩት ግን እሳቸው ናቸው።