የአባ ቢያ ጭቃ

ባለፈው ሳምንት ሸሚዝ እየተኮስኩ ሬዲዮ አዳምጥ ነበር። አንዲት ባለሙያ፣ በሩቅ አገር የኒውክሌር ዝቃጭ እንዴት እንደሚቀበር ያስረዳሉ። በመዳብ ዕቃ ታሽጎ ከምድር በታች ጠልቆ፣ አለት ውስጥ ይቀመጣል። ዙሪያው በሸክላ ጭቃ ይሞላል፤ ጭቃው ውሃ ሲነካው አብጦ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። «ጭቃ» ሲሉ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንስቼ አቆምኩት።

በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ አጋሮ አጠገብ የቡና በሽታ መድኃኒት የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ጊዜው ያለፈበት መርዝ በዛገ በርሜል ተከማችቶ ነበርና «ቅበሩት» ተባልን። መኪናው ከኮረብታው ወገብ ማለፍ ስላልቻለ እዚያው እንዲቆፈር ተወሰነ። ቆፋሪው አባ ቢያ የሚባሉ የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ ነበሩ፤ ቤታቸውም ምንጫቸውም ከዚያው በታች ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ብሆንም፣ ከጅማ ገበያ የገዛኋትን ሽፋን የለሽ የኬሚስትሪ መጽሐፍ በቃሌ ይዤ ነበር። ቀዩን አፈር በውሃ በጥብጬ ሊትመስ ወረቀት ነከርኩበት። ሰማያዊው ቀላ፤ አፈሩ አሲድ ነው፣ ብረት ይበላል ማለት ነው።

«ኬሚስቱ ዛሬ ደግሞ አፈር ሊቀምስልን ነው?» ብሎ የመጋዘኑ ዘበኛ ሳቀብኝ። በበርሜሎቹ ዙሪያ የሚደረገውን ኖራ በጣሳ መለካት ጀመርኩ።

ጥቅምት ነበር፤ ቡናው ቀልቷል። እጃችንን ታጥበን የአባ ቢያ ሚስት የላኩትን ቅቅል ጎደሬ በዳጣ ስንበላ፣ አባ ቢያ ወደ ቁልቁለቱ ጠቆሙ።

«ልጄ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እዚያ ታች ኮቲቻ አለ። ጥቁሩን ጭቃ ላምጣና ጉድጓዱን ልምረገው። እኛ ውሃ እንዳይሰርግ የምናደርገው በሱ ነው። ምንጬን ታውቀው የለ?»

«አይድከሙ፣ አባ ቢያ። ኖራው ይበቃል።»

«መጽሐፉ እንደዚያ ይላል?»

«ይላል።»

መጽሐፉ ኖራ አሲድ እንደሚያለዝብ እንጂ ስለ መርዝ መቅበር አንድም ቃል አልነበረውም። ዝናብ ኖራውን አጥቦ እንደሚወስደውም አላሰብኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ጭቃ የሚለው ምክር ለኬሚስት የሚመጥን አልመሰለኝም፤ በርሜሎቹን በኖራ ብቻ ቀበርናቸው።

በሁለተኛው ክረምት አባ ቢያ ምንጫቸውን በድንጋይ ሲደፍኑ አገኘኋቸው። ሚስታቸው እንስራ አዝለው ከሩቅ ወንዝ ይመለሳሉ።

«መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ቀድሞም ሸቶኝ ነበር፤ ወላሂ፣ አንተ ይበቃል ስላልክ ነው የጠጣነው።»

ድንጋይ እያቀበልኩ አብሬያቸው ደፈንኩ። አፌ ግን ይቅርታ አላወጣም።

ሸሚዙን ጨርሼ ሰቀልኩት። ዛሬም ጨው ስጨምር በማንኪያ ለክቼ ነው። አባ ቢያና ሚስታቸው ያንን ውሃ ስንት ቀን እንደጠጡት ግን ጠይቄ አላውቅም። ሁሉን የምለካ ሰው፣ ይህን አንዱን ፈርቼ ተውኩት፤ ሁለቱም ስላለፉ አሁን የሚነግረኝ የለም።