አባቴ ያልቆጠራት ልጅ

አባቴ ልጆቹን አይቆጥርም። ስንት ልጅ አለህ ሲሉት «እግዜር የሰጠኝ አሉ» ብሎ ወሬውን ወደ ቡናው ያዞረዋል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤት ለቤት ለሚዞር መዝጋቢ «ስድስት» ብሎ ነበር፤ በሳምንቱ ወንድሜ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር የግድ ሲሆንበት፣ አምስት ሆነን ሳለ አራት ይለናል። ከሞት የሚደብቀው ታናሻችንን ነው፤ አብልጦ የሚወዳት እሷን ስለሆነ።

ለጤና መድን ሲመዘገብም ያንኑ አደረገ። እኔ ያኔ ዲላ እማር ስለነበር አላየሁም። የዓመቱን መዋጮ ከፍሎ፣ አራት ልጅ የተጻፈበትን ደብተር ይዞ ደረቱን ነፍቶ ገደብ ከተማ ወዳለው ቤታችን ገባ።

ዘንድሮ የታናሻችን እግር አበጠ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጎረቤታችን ናትና ደብተሩን ገልጣ ሳታይ ወደ ዲላ የሚልካትን የሪፈር ወረቀት ጻፈችላት። ሆስፒታል ሐኪሙ አጥንቷ መግል ስለያዘ ቶሎ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት አለ። የመድን ክፍሏ ሠራተኛ ግን ደብተሩን ሁለት ጊዜ አገላብጣ፣ «እህቴ፣ ይቺ ልጅ እዚህ የለችም» አለችኝ።

ተናደድኩ። መጀመሪያ በሴትዮዋ፣ ቀጥሎ በአባቴ። እሱ ጥግ ይዞ «ቡናውን ገና ሳይለቀም እሸጠዋለሁ» ይላል። ሌላ መንገድ ሳልሞክር አላስሸጥህም አልኩት።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። መዋጮ ሳይታመሙ የሚከፈለው ነው፤ ሽፋን ደግሞ መድኑ የሚከፍልልን የሕክምና ዓይነት። እዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። «የመጠበቂያ ጊዜ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ጣቴን አስቀምጬ ደግሜ አነበብኩት፤ አዲስ አባል ካርዱ እስኪሠራለት ጥቂት ወራት ይጠብቃል። የእህቴ እግር ወር አይጠብቅም።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። «አዲስ አባል አይደለችም። ከተመዘገበ ቤተሰብ የተዘለለች ናት። ለሷም መጠበቂያ አለው?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። «የተዘለለች ከሆነ እርማት ነው፣ መጠበቂያ የለውም። ግን አባወራው ራሱ ቀበሌ ቀርቦ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ይፈርማል።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። እህቴን ሆስፒታል አስተኝተን ወደ ገደብ ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ «አንቺ ቁጠሪልኝ» አለኝ፣ ይርጋጨፌን እስክናልፍ ሦስት ጊዜ።

«አባዬ፣ አባወራው አንተ ነህ።» አሳዘነኝ፤ ግን አልለቀቅኩትም።

የቀበሌው ጸሐፊ «ስንት ናቸው አባባ?» አለ። አባቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። አራተኛው ላይ እጁ ቆመ። እኔ ልለው እችል ነበር፤ ግን የሚፈለገው የሱ ቃል ነው። ግንባሩ በላብ ወረዛ።

«አምስት» አለ፣ እንደሚያቃስት ሰው። ፈረመ።

የእርማቱን ወረቀት ይዘን ዲላ ተመለስን፤ በማግስቱ እህቴ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። ስንት ሰዓት እንደጠበቅን አላውቅም፤ አባቴ አንዴም አልተቀመጠም። በመጨረሻ ነርሷ በሩን ከፍታ፣ ልጅቷ በደህና መውጣቷን ተናግራ፣ «የማን ልጅ ናት?» አለች።

አባቴ ከሁላችን ቀደመ። «የኔ» አለ። «አምስተኛዋ።»