ኢንተርኔት እንዳይነካው

ወንድሜ አዲሱን ላፕቶፕ ያስነሳው ዓርብ ጠዋት ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ባለችው የጽሕፈት ሱቃችን ዓርብ ደንበኛ አይበዛም፤ ሆን ብሎ ነው ቀኑን የመረጠው። አሮጌው ከሁለት ሳምንት በፊት ተቃጥሎ ነበር። ጠጋኙ ፋይሎቹን አውጥቶ በፍላሽ ሰጠው።

አዲሱ ገና ሲከፈት ኢንተርኔት አገናኘኝ አለ። ቀጥሎ ኢሜይል ስጠኝ፣ አካውንት ክፈት። ወንድሜ እምቢ አለ። ማሽኑም እምቢ አለ።

«የገዛ ቤቴ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ ይጠይቀኛል እኮ!» አለኝ።

ጎረቤታችን ስልክ ሻጭ ነው። ሶማሌ ነው፣ ግን ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኛ ይፈጥናል። በሩ ላይ ተደግፎ ይስቃል።

«ወላሂ አንተ ሰውዬ፣ ላፕቶፕህ ሙሽራ፣ ፕሮግራምህ ሽማግሌ! አካውንቱን ክፈትና ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ፣ ደመናው ላይ አስቀምጥ። ቢሰረቅ አይጠፋ፣ ቢቃጠል አይጠፋ።»

«ደመና ይዘንባል እንጂ ዕቃ ያስቀምጣል ሲባል የት ሰማህ?»

ሽማግሌ የተባለው ፕሮግራም የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ወንድሜ ደሴ ኮምፒውተር ሲማር ከአስተማሪው በሲዲ የተቀበለው። ዛሬ ስልክ ሁሉ አማርኛ ይጽፋል። ያ የድሮው ግን የራሱ ፊደል አለው። በእሱ የተጻፈ ነገር ያለ እሱ ሲከፈት አማርኛው ይጠፋና የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ይወጣል። ወንድሜ ሀርጌሳ በኖረበት ዘመን ሁሉ ለአገራችን ሰዎች የጻፈው በዚህ ነው። ማመልከቻ፣ ውክልና፣ የሥራ ውል። ሰው ሲሞት ደግሞ አስከሬኑ ድንበር እንዲያልፍ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችንን ደብዳቤ።

«በአዲሱ ብትጽፍ ምናለ?» አልኩት።

«ያ ሁሉ ደብዳቤስ? ማን እንደገና ይተይበዋል? አንተ?»

እኔ በአንድ ጣት ነው የምተይበው።

ስድስት ሰዓት ገደማ ላፕቶፑ ተሸነፈ። በየት በኩል እንዳለፈው አላውቅም፤ ያለ ኢሜይል፣ ያለ አካውንት ተከፈተለት። ፕሮግራሙን፣ ሲዲው ከጠፋ ቆይቷልና፣ ከፍላሹ ጫነ። አንድ ደብዳቤ ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ... ይቅር።

«አሁን ስማኝ። ኢንተርኔት እንዳይነካው። ከነካው ራሴን ላድስ ብሎ አሮጌውን ሁሉ ጠራርጎ ያወጣዋል።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት እሺ ነው፣ ወይስ ያንተ እሺ?»

ሳቅንና ምሳ ሊበላ ወጣ።

የሆነው እንዲህ ነው። የስልኬ መስታወት የተሰነጠቀ ነው። የኳስ ጎሎች በትልቁ ማየት አማረኝ። ሌላ ምክንያት ብፈልግም የለኝም። የስልኬን ኢንተርኔት አገናኘሁት። አካውንት ክፈት አለኝ፤ በስሜ ከፈትኩ። ምን አስቸገረው ብዬ በወንድሜ ሳቅኩበት። አሥር ደቂቃ ያህል ጎል አየሁ። ማሽኑ በራሱ ጠፍቶ በራሱ ተነሳ። ዘጋሁትና ቦታው መለስኩት።

ወንድሜ ሲመለስ አልነገርኩትም። አልከፈተውም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የፕሪንተር ቀለም ልግዛ ብሎ ተነሳ።

«ነገ ሥራ እንጀምራለን። ወለሉን ጥረገው፣ የዶሮ ቤት አስመሰልከው።»

በባጃጅ ሄደ። ድንጋይ የጫነ መኪና ባጃጁን ከጎን መታው። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ስለዚያ ምሽት አልጽፍም።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ የማኅበራችን ሊቀመንበር ሱቁ ድረስ መጡ። ግንበኛ ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ማኅተሙን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

«አይዞህ ልጄ። እሱን ወደ አገር የሚወስደው መኪና ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ደብዳቤውን አትምልኝና ማኅተም ላሳርፍበት።»

«የትኛውን ደብዳቤ ጋሼ?»

«እሱ የሚጽፈውን ነዋ። ባለፈው ለሞተው ልጅ የጻፈው አለ። ስሙን ብቻ ለውጥ። ድንበር ላይ ያሉት የእሱን አጻጻፍ ያውቁታል፣ ሁለተኛ አያዩትም። ያለ ደብዳቤው ግን ሬሳው እዚያው ፀሐይ ላይ ይውላል።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። በስሜ ጠርቶ እንኳን ደህና መጣህ አለኝ። ፕሮግራሙ የለም። ለኮምፒውተርህ አደገኛ ስለሆነ አስወግጄልሃለሁ የሚል መልእክት ነበር። ደብዳቤውን ከፈትኩት። እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ፊደል አውቀዋለሁ፤ ቃል ግን አንድም አልነበረም። ፍላሹ በወንድሜ ሱሪ ኪስ ነበር። ከሆስፒታል ለሁለት ተሰብሮ ነው የሰጡኝ።

ስልክ ሻጩ ሮጦ መጣ። «አላህ ያጽናህ ወንድሜ» ብሎ አቅፎኝ፣ ያንኑ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ቆየ። አንድ አገኘ። ሲያወርደው ማሽኑ ያጠፋዋል። ደግሞ ያወርዳል፣ ደግሞ ያጠፋዋል። ሰዓቱ ከሁለት አለፈ።

ለስንቱ ሬሳ መንገድ የከፈተ ደብዳቤ ለጻፈው ሰው ተዘጋ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በአንድ ጣት ተይቤ አልደርስም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። «ወንድሜ የሆነው» ብዬ ጀመርኩ። ሊቀመንበሩ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያነባሉ።

«የለም፣ የለም። ደብዳቤው የማኅበር ነው፣ ያንተ አይደለም። 'የማኅበራችን አባል የነበሩት' በል። ለሟች አንቱ ነው የሚጻፈው።»

ወንድሜን አንቱ ብዬው አላውቅም። ብዬው ቢሆን ኖሮ እስኪበቃው ይስቅብኝ ነበር። ጻፍኩት። አባል የነበሩት። በድንገተኛ አደጋ ያረፉት። «አስከሬናቸው» የሚለውን ጽፌ ሰረዝኩት፤ ወረቀቱ ተበላሸ። ሁለተኛውም ተበላሸ። ሦስተኛውን እስከ መጨረሻው ጻፍኩ። የልጅ ጽሕፈት ይመስላል።

ሊቀመንበሩ ማኅተሙን መቱበት። ራቅ አድርገው ይዘው አዩት።

«መቼስ ምን ይደረጋል። ግን ያ አዲሱ ማሽን ምን ሆነ?»

«አልሠራም አለ ጋሼ።»

«እሱም እኮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ችክ ያለ ልጅ ነበር። ይሄን ያረጀ ነገር ተው፣ እንደ ሰው በአዲሱ ጻፍ ብዬ ስንቴ ነገርኩት። ይኸው፣ ለገዛ ሬሳው እንኳ ሳይሆን ቀረ።»

ስልክ ሻጩ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል። እሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የለም ጋሼ፣ ትላንት በደንብ ሠርቶ ነበር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር።

«ልክ ነዎት፣ አይሰማም ነበር» አልኳቸው።

ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሱቁን ቆለፍኩ። የሬሳ ሳጥኑ የተጫነበት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኝ ነበር። ከኋላ ወጥቼ ከሳጥኑ ጎን ተቀመጥኩ።