መሰኪያ ፈላጊው ካሜራማን

ሰውየው ከባጃጁ ሳይወርድ ነበር ናጃህን «አሰላሙ አለይኩም!» ያላት። እሷ ቡታጅራ ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ እሱን ግን አታውቀውም። የሠርግ ካሜራማኖች የሚወዱትን ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ለብሷል፤ ኪሶቹ በካሜራ ገመድ ተወጥረዋል። በፎጣ የተጠቀለለ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከብብቱ አወጣ።

«ወልቂጤን ከጫፍ ጫፍ አካለልኩ፣ ልጄ፤ የሚገባለት መሰኪያ ጠፋ። የባለቤቴ ድምፅ የቀረው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ የአሁኑ መሰኪያ ለድሮ ዲስክ መች ይሆናል?» አለችና ናጃህ የአሮጌ ዕቃ ካርቶኗን ዘረገፈች። ሰፊ አፍ ያለው መሰኪያ ብቅ ሲል ሰውየው ከእጇ ነጥቆ እፍ እፍ አለበት፤ «ቢስሚላህ» ብሎም ሰካው።

ዲስኩ ጉርር አለ። «ሠራ! ሠራ!» ብሎ እንደ ልጅ ዘለለ።

የሰው ሁሉ ሠርግ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። እሱ ቆሼ ከተማ የቀረጸውን ብቻ አስከፈተ። በጭፈራው መሀል አንዲት ሴት ወደ ካሜራው ዞራ ጮኸች።

«አንተ ሰውዬ! ዛሬ እንኳ እሱን አስቀምጥና ክትፎው ሳያልቅ ና!»

ካሜራው አልወረደም፤ ቀረጻው ቀጠለ።

ናጃህ ዘወር ስትል ሰውየው ከወንበሩ ተነስቷል፤ ፊቱ በሳቅ ፈክቶ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ባለቤቱን «መጣሁ፣ መጣሁልሽ!» ይላታል።