ታምሩ ማድቤት ውስጥ የሠራው ሾክ

ስለ ታምሩ ልጽፍ ነው። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም፤ ከሥራው ልጀምር። ታምሩ መኪና አጣቢ ነው። ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍልና አንድ ማድቤት ተከራይተን እሱ፣ ሳዲቅና እኔ አብረን እንኖራለን። ሳዲቅ በዕድሜ ይበልጠናል፤ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ሳህን ያጥባል። እኔ ይርጋ እባላለሁ፤ የውሃ ዲና እነዳለሁ። ዲና የሚሏት ትንሿን የጭነት መኪና ነው።

ታምሩ ዝም ያለ ሰው ነው። እኔም ወሬ አይሆንልኝም። ሁለታችን ብቻ ስንቀመጥ ቤቱ ባዶ ይመስላል። የሞተር ነገር ከተነሳ ግን ታምሩ ሌላ ሰው ይሆናል። አገር ቤት፣ ኮምቦልቻ፣ ባጃጅ ይጠግን ነበር። እዚህ ሲመጣ ያገኘው ሥራ መግሰላ ነው፣ መኪና ማጠቢያው። ታዲያ የሳውዲ ልጆች አሸዋ ላይ ሲጋልቧቸው የዋሉትን ሞተሮች ሊያሳጥቡ ሲያመጡ፣ ሌላው አጣቢ አሸዋውን አይቶ ይሸሻል። ታምሩ ግን ይሻማባቸዋል። እያጠበ ኮርቻውን በእጁ ጫን ያደርግና ሲመለስ ያየዋል። "ይሄ ሾኩ ሞቷል" ይላል ለራሱ።

ሾክ ማለት፣ እንደገባኝ ልናገር፣ ኋላ ጎማው ጉብታ ሲመታ ምቱን የሚችለው ነው። ከውጭ ሞላ አለው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ከዘይቱ ጀርባ ደግሞ በትንሽ የጎማ ፊኛ የታሰረ ጋዝ አለ። ጋዙ ዘይቱን ይጫነዋል፤ ካልተጫነው ዘይቱ አረፋ ይሆንና ሞተሩ እንደ በቅሎ ይራገጣል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ታምሩ ነው። እሱን ያስተማረው ግን የለም። በስልኩ ቪዲዮ ያያል። የሚናገሩበትን ቋንቋ ስለማያውቀው ድምፁን ዘግቶ የሰውየውን እጅ ብቻ ነው የሚያየው።

"አሁን ምን አለ?" ይለዋል ሳዲቅ ሊያናድደው።

"እኔ እንጃ። ብሎኑን ወደ ግራ እያዞረ ነው።"

"እኔ እኮ ፊልም መስሎኝ መጨረሻው ላይ ማን ሊሞት ነው ብዬ ስጠብቅ ነው ያመሸሁት።"

ታዲያ በዚህ ዓመት መግሰላው ሊዘጋ ሆነ። የታምሩ ከፊል፣ አሠሪው ማለቴ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ በግልጽ ነገረው። "ሌላ ከፊል ካገኘህ እለቅሃለሁ። ካላገኘህ ኹሩጅ ነው" አለው። ኹሩጅ ማለት ጠቅልለህ አገርህ ግባ ማለት ነው። ታምሩ ያን ሰሞን እህል አልበላ አለ። ሳዲቅ እንኳ መቀለዱን ተወ።

አቡ ራካን የሚባል ሰው አለ። ከሪያድ ወጣ ብሎ ቀዩ አሸዋ ላይ ሞተር ያከራያል፤ ሞተሮቹን የሚያሳጥበው እነ ታምሩ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ታምሩ፣ አፉን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ "ያ ሙዲር" ብሎ ጠራው፤ አለቃዬ ማለት ነው። "የዚህኛው ሾክ ሞቷል። እኔ እሠራዋለሁ" አለው። ሰውየው ሳቀ። በማግስቱ ግን ሾኩን አስፈትቶ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽጉ አዳዲስ ጎሚኒዎችና አንድ ጣሳ ዘይት ጨምሮ በከረጢት አመጣለት።

"ጁምዓ ጠዋት ይዘኸው ና" አለው። "ገጥመን አሸዋው ላይ እናየዋለን። ከያዘ ኢቃማህን ወደ እኔ አዛውራለሁ። ካልያዘ፣ ኸላስ፣ ሰላም እንባባላለን።"

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዱ ነው። ነገሩ እንግዲህ ይሄ ነው። ያ ሾክ ካልሠራ ታምሩ ወደ አገሩ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ማድቤታችን ጋራዥ ሆነ። ታምሩ ከጎሚስታው ብረት ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ ተውሶ የምድጃው ጠረጴዛ ላይ አሰረው። መጀመሪያ ጋዙን አስተነፈሰ፤ ቫልቩ አፏጨና ዝም አለ። ሞላውን አወጣ። ክዳኑን ከፍቶ አሮጌውን ዘይት ሳፋ ላይ ሲደፋው እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞላው።

ሳዲቅ ብቅ አለና ሳፋውን አየ። "ቀስ በሉ፣ መንግሥት እንዳይሰማ" አለ። "ማድቤታችን ውስጥ ነዳጅ ወጣ።"

የዚያን ዕለት የማድቤት ተራ የሳዲቅ ነበር። ቤታችን ሕግ አለው፤ ተራው የደረሰ ሰው መግሪብ ሳይደርስ ያልታጠበ ነገር አያስቀርም። በሳዲቅ ተራ ደግሞ ማንኪያ እንኳ ጠማማ አትቀመጥም።

ታምሩ ፒስተኑን ፈታ። ከሥሩ እንደ ወረቀት የሳሱ፣ መሃላቸው ቀዳዳ የሆነ ሮንዴላዎች ተደራርበው ወጡ። እያንዳንዷን በወጣችበት ቅደም ተከተል በሽቦ ሰክቶ ሲንኩ ጠርዝ ላይ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጣት። እጁ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ብታዩት ሕፃን የሚያስተኛ ነው የሚመስለው። ከዚያ "ጋዙን እናምጣ" አለኝ።

"ጎሚስታው ንፋስ አለው አይደል? ምን ሩቅ ያስኬዳችኋል?" አለ ሳዲቅ።

"የጎሚስታው ንፋስ እርጥበት አለው። ሲሞቅ ያብጣል፤ እዚህ ደግሞ ምን የማይሞቅ አለ። ናይትሮጅን ነው የሚሆነው።"

ናይትሮጅን ያለው ፈሪድ ነው። ፈሪድ መከይፍ ይጠግናል፣ ኤሲ ማለቴ ነው። ቧንቧው ያፈስ እንደሆነ የሚሞክሩት በናይትሮጅን ስለሆነ ሲሊንደር ከነመለኪያው አለው። ዑረይጃ ሰፈር አንድ ጣሪያ ላይ አገኘነው፤ ላቡ እስከ ጫማው ይወርዳል።

"ወንድሜ፣ ሰው በሙቀት እያለቀ አንተ ሾክ ታስነፋለህ?" አለ ለታምሩ። ግን መሣሪያውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ሲሊንደሩን ዲናዬ ላይ ከውሃው ጠርሙሶች ጋር ጫንነው።

ስንመለስ ማድቤቱ ያበራል። ወለሉ ተጠርጓል፣ የሎሚ ሳሙና ይሸታል። ሳዲቅ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል።

"ዕቃህንም አጥቤልሃለሁ" አለው ለታምሩ። "ዘይት ውጧቸው ነበር። ከሽቦው አውጥቼ አንድ በአንድ ፈትጌ፣ አድርቄ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሬ መልሼልሃለሁ። አሁን ዕቃ መሰሉ።"

ታምሩ ሽቦውን አነሳው። አየው። ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ታምሩ ሲናደድ ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

"ምን ሆነ? ከትልቅ ወደ ትንሽ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?" አለ ሳዲቅ።

"ሳህን አይደለም፣ ጋሽ ሳዲቅ" አለ ታምሩ ቀስ ብሎ። "ከትልልቆቹ መሃል አንዲት ትንሽ ትገባለች። ዘይቱን መቼ ልክፈትልህ የምትለው እሷ ናት። ቦታዋን ከሳትኩት ሾኩ ወይ ድንጋይ ይሆናል ወይ ውሃ።"

"የት ጋ ነበረች?"

"እሱን እኮ ነው በሽቦ የያዝኩት።"

ስልኩ ላይ ያለው ሾክ ሌላ ዓይነት ነው፤ አይረዳም። ፈሪድ ሲሊንደሩን አቅፎ በር ላይ እንደቆመ ነው። "ሳዲቅ፣ ሰውየውን በሳሙና አጥበህ አገሩ ላክኸው" አለ። ሳዲቅ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። ፊቱ ጠቆረ።

"በአላህ፣ እንዲጠሩልህ ብዬ ነው" አለ። "ደግሞ ሁሉም የጠሩ እንዳይመስልህ። አንዷ ትልቋ መሃሏ ላይ ክብ ነገር አለባት። ብፈትግ ብፈትግ አልለቅ አለኝ። በብረት ሽቦ ልፈትጋት ነበር፣ እንዳልጭራት ፈራሁ።"

ታምሩ ቀና አለ። "ምን አለባት?"

"ክብ። እንደ ብርጭቆ ቂጥ። ሌሎቹ ላይም አለ፣ ግን እነሱ ላይ ጠርዝ ጠርዙን ነው።"

ታምሩ ተነስቶ ሮንዴላዎቹን ፎጣው ላይ ዘረገፋቸው። "ይርጋ፣ መብራት" አለኝ። የስልኬን መብራት በጎን አበራሁለት። አዎ፣ ሳዲቅ ውሸቱን አልነበረም። እያንዳንዷ ሮንዴላ ላይ ጎረቤቷ ስትጫናት የኖረችበት ቀጭን ክብ አለ። በዘይት ተሸፍኖ አይታይም ነበር፤ አሁን ጠርቶ ይታያል። ያቺ የማትጠራዋ ትልቅ ሮንዴላ ላይ ያለው ክብ ደግሞ ትንሽ ነው። ታምሩ ትንሿን አንስቶ ክቡ ላይ አስቀመጣት። ልክክ አለች።

"እዚህ ጋ ነበረች" አለ።

ከዚያ በኋላ አራታችንም ሥራ ገባን። አንዱ ሮንዴላ ያነሳል፣ ሌላው መብራት ያዘነብላል፣ "ይቺ የዚያች ጎረቤት ናት"፣ "አይደለችም፣ ገልብጣት" እየተባባልን። ሳዲቅ ዓይኑ ለብቻው ነው፤ እኛ የማናየውን ጭረት ያያል። "ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጣት ያረፈበት ሳህን ስፈልግ ኖሬ እንዴት አላይም" ይላል። ልቤ እንዲያ ሲመታ የማስታውሰው መንጃ ፈቃድ ስፈተን ነው።

ታምሩ አዲሶቹን ጎሚኒዎች ዘይት ቀባብቶ አስገባ፣ ፒስተኑን ገጠመ። አዲሱን ዘይት በቀስታ አፈሰሰና ዘንጉን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ በጣም በዝግታ ይስበው ጀመር። በሳበ ቁጥር ከውስጥ የአየር ጠብታ ቡልቅ ይላል። አንዲት ጠብታ ብትቀር ሁሉ ከንቱ ነው። ፈሪድ "ያላ፣ ሥራዬን ትቼ ነው የመጣሁት" ሲለው አልሰማውም። ጠብታ መውጣቱ እስኪቆም፣ ከቆመም በኋላ እንደገና፣ ሳበ። ከዚያ ዘጋው።

ፈሪድ የሲሊንደሩን ቱቦ ከቫልቩ ጋር አገናኘ። ታምሩ መለኪያው የት ላይ መድረስ እንዳለበት በጣቱ አሳየው። ሳዲቅና እኔ መታጠቢያ ቤት ገብተን በሩን ገርበብ አድርገን አንገታችንን አወጣን።

"ቢፈነዳ ይሄ በር ያድነናል?" አልኩት።

"አያድንም። ግን ሬሳችን ንጹሕ ቦታ ይገኛል" አለኝ።

ሽሽሽ አለ። የመለኪያው ቀስት ተነሳች። ገብቶ የነበረው ዘንግ ማንም ሳይነካው በራሱ ቀስ እያለ ወጣ። እንደ ቀንድ አውጣ። ፈሪድ ዘጋ። ታምሩ ሾኩን የውሃ ባልዲ ውስጥ ከተተው፤ ጭንቅላታችንን ገጥመን አየን። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ አንድም የአየር ጠብታ አልወጣም። ተራ በተራ ዘንጉን መሬት ላይ እየደገፍን ተጫንነው፤ እየተቃወመ ይወርዳል፣ ረጋ ብሎ ይመለሳል። ሳዲቅ ደጋግሞ ተጫነው። "ሕይወት አለው" አለ። ታምሩ ሞላውን መልሶ ገጠመ።

ጁምዓ ጠዋት በዲናዬ ወጣን። ሙቀቱ ገና አልበረታም። አቡ ራካን ሾኩን አገላብጦ አየና፣ ማድቤት ውስጥ መሠራቱን ከታምሩ ሰምቶ፣ ሠራተኛውን ጠርቶ ሞተሩ ላይ አስገጠመው። ታምሩ ከጎን ቆሞ እያንዳንዷን ብሎን በዓይኑ ያጠብቃል። ሲያልቅ አቡ ራካን የራስ ቁር አነሳና ለታምሩ ሰጠው።

"እኔ?" አለ ታምሩ።

"እዚህ ሾክ የሠራ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይወጣበታል። ልማዳችን ነው። አንተ ያላመንክበት ላይ የሰው ልጅ አላስቀምጥም።"

ታምሩ አሸዋ ላይ ሞተር ነድቶ አያውቅም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ሳዲቅ ያውቃል፣ አቡ ራካን አያውቅም። ታምሩ ወደ እኛ ዞረ። ሳዲቅ በአማርኛ፣ "ባጃጅ ነው ብለህ ንዳው፣ አንድ ጎማ እንደሰረቁብህ ቁጠረው" አለው።

ቁሩን አጠለቀ። አማተበ። ሞተሩን አስነሳ።

መጀመሪያ ላይ ጎማው እየሰጠመ ወዲያና ወዲህ አለበት። ከዚያ ነዳጅ ሰጠውና ቀጥ አለ። ከፊቱ እንደ ማዕበል ተራ በተራ የቆሙ ጉብታዎች አሉ። አንደኛውን መታው፤ የኋላው ጎማ ወደ ላይ ገባ፣ ታምሩ ግን እንዳለ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ሞተሩ ከሥሩ ይተነፍሳል፣ እሱ ከላይ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ነው። ሳላስበው የሳዲቅን ክንድ ጨምድጄ ይዣለሁ። "ክንዴን ልቀቅ፣ ሳህን የማጥበው በሱ ነው" አለኝ፤ እሱም ዓይኑን አልነቀለም።

ታምሩ ሊዞር ሲል ወደቀ። ለስላሳ አሸዋ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ ሰው። አቡ ራካን ሮጦ ሄደ፤ እኛም ተከተልን። ታምሩ ተነስቶ አሸዋውን ያራግፋል። "ሾኩ አይደለም፤ እኔ ነኝ። መዞር አልችልም" አለ ቶሎ ብሎ፣ በዓረብኛም በአማርኛም።

አቡ ራካን ሞተሩን አነሳ፣ ወጣበት፣ ሄደ። እንደ እኛ ሰው አይደለም የሚነዳው፤ ጉብታዎቹን በሙሉ ፍጥነት እየመታ ከትልቁ ክምር ጫፍ ዘለለ፣ አረፈ፣ እንደገና ዘለለ። ከአሸዋው ጀርባ ጠፋ። የሞተሩን ድምፅ ብቻ እንሰማለን። ታምሩ ቁሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

ተመልሶ አጠገባችን ቆመ። ሾኩን በመዳፉ ነካ፤ ግሏል መሰለኝ እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ኮርቻውን ጫን አድርጎ ለቀቀው።

"ኢቃማህ የታለ?" አለ።

ታምሩ ኪሱን ዳሰሰ፤ አውጥቶ ሰጠው። ሰውየው በስልኩ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አነሳው። "ከፊልህ ይደውልልኝ። የከፊል ዝውውሩን ዛሬውኑ እናስጀምራለን" አለ። "እዚያ ማዶ ያለው መጋዘን ውስጥ ሌሎች የሞቱ ሾኮች አሉ። ሞርሳም አለ። ማድቤት ውስጥ አትሠራም።"

ሳዲቅ ፊቱን አዙሮ በሻሹ ጥግ ዓይኑን ጠረገ። "አሸዋው" አለኝ። ነፋስ አልነበረም።

እኔ ታምሩ ያለቅሳል ወይ መሬት ይስማል ብዬ ነበር። ኢቃማውን ኪሱ መለሰና ሞተሩን አየው። ያ አፉን የማይከፍተው ሰው፣ "ያ ሙዲር፣ አንድ ጊዜ ልድገመው?" አለ።

አቡ ራካን ከኮርቻው ወረደለት። "ስትዞር ነዳጅ መስጠቱን አታቋርጥ" አለው፤ ታምሩ ግን ቁሩን አጥልቆ እየሄደ ነበር።